ወንጪ ሄዳችሁ ከላይ አይታችሁ አትመለሱ

ሰው ወንጪ ሄጄ መጣሁ ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ወረድክ ወይ?" ነው። አብዛኛው አልወረደም። ጠዋት ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ ወሊሶ ቁርሱን ይበላል፣ አፋፉ ላይ መኪናውን ያቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የመኪናውን ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ትንሽ ይጨፍራል፣ በቃ ከዛ ወደ ቤት። ቲክቶክ ላይ የምናየው ወንጪም ይሄው ከላይ የተቀረጸው ነው፣ አረንጓዴ ገደል፣ ከስር ሰማያዊ ውሃ፣ ውሃው መሃል ደሞ ደሴት። ውብ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ከላይ አይቶ መመለስና ወርዶ አጠገቡ መዋል በጣም ይለያያል፣ ሳስበው እንደውም ወንጪን ወንጪ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ያለው ከታች ነው፣ ከላይ ሆናችሁ አንዱንም አታዩትም።

ለማያውቀው፣ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መሃል ያለ ተራራ ነው። ጫፉ 3,386 ሜትር ይደርሳል፣ ከእንጦጦ ይበልጣል ማለት ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ፈነዳ፣ ውስጡ ባዶ ሲሆን አናቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፣ ያ ትልቅ ጉድጓድ ውሃ ያዘ። ሐይቁ ራሱ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ጥልቀቱ ደሞ ከ100 ሜትር በላይ ነው። እሳቱ ጨርሶ እንዳልቀዘቀዘ የሚነግራችሁ ከሐይቁ ማዶ ሸለቆው ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው። አምቦና ወሊሶ ላይ ሰው የሚታጠብበት ሙቅ ውሃም ከዚሁ አካባቢ ከከርሰ ምድሩ ሙቀት የሚመጣ ነው፣ ሀገሩ ሁሉ ከስሩ ትኩስ ነው።

ከአፋፉ ስትወርዱ መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ፣ ባህር ዛፍም አለ፣ ቀጥሎ ነው ዛፉ እየተቀየረ የሚመጣው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስታ ታያላችሁ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ የተጣመመ፣ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት፤ ዝቅ ስትሉ ኮሶ አለ፣ ጽድ አለ፣ አምጃ ቢጫ አበባውን ይዞ በየጥጉ። ኮሶን ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፣ ጥሬ ስጋ የሚወድ ሀገር ስለሆንን የኮሶ ትል መድኃኒቱ አበባው ነበር፣ ግን ዛፉን ቆሞ ያየው ስንት ሰው ነው? የኔ እድሜ ያሉ የአዲስ አበባ ልጆች ኮሶ ሲባል መራራ መጠጥ ብቻ ነው የሚያስቡት። ዛፉ ግን ግርማ ያለው ነገር ነው፣ ቀላ ያለው አበባው እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ተንዠርግጎ፣ ልጡ እየተላጠ፣ ስሩ ቁጭ ብላችሁ ልታርፉበት የምትመኙት አይነት።

መንገዱ ቁልቁል ነው፣ አንዳንድ ቦታ አፈሩ ያንሸራትታል፣ ግን ባለፈረሶቹ አሉ። እዚ ጋ ልቆይ፣ ምክንያቱም የወንጪ ትልቁ ታሪክ እነሱ ናቸው። ከሃያ አመት ገደማ በፊት የአካባቢው ገበሬዎች በጀርመን የልማት ድርጅት እገዛ ማህበር አቋቋሙ፣ አስጎብኚው፣ ባለፈረሱ፣ ጀልባ ቀዛፊው ሁሉ በተራ ይሰራል፣ ዋጋው የታወቀ ነው፣ ከገቢው የተወሰነው ለማህበሩ ይገባል። ብዙ ቱሪስት የሚሄድባቸው ቦታዎቻችንን የምታውቁ ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። መኪናችሁን ገና ሳታቆሙ አስር ልጅ እጃችሁን የሚጎትትበት፣ ዋጋ እየተጨቃጨቃችሁ ገና ሳትነሱ የምትሰለቹበት ቦታ ስንት አለ። ተራ ሲኖር ግን ባለፈረሱ ከጓደኛው ጋር አይጣላም፣ እናንተም ተራው የደረሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የሚመራችሁ ሰው ተረጋግቶ ያወራችኋል። በዛ ላይ ጫካው ለሰዎቹ እንጀራ ሆነ። ዛፉ ቆሞ ሲገኝ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ፈረሱ ይሰራል። ይሄን ሂሳብ ራሳቸው ቁልጭ አድርገው ያስረዷችኋል።

እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። እድሜዋ ስልሳዎቹን ያለፈ ነው፣ ጉልበቷም ያማታል፣ ቤተሰብ ሁሉ "ምን ሆነህ ነው ገደል የምታስወርዳት" ብሎኝ ነበር። እሷ ግን የተወለደችው አዊ ነው፣ እንጅባራ አካባቢ። አገው ፈረስ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር የሚያከብረውን በአል ይይ፣ ማህበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ የአድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። እና ባለፈረሱ፣ ልጅ እግር ነው፣ "እማማ አይፍሩ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ እጎትተዋለሁ፣ እርስዎ ኮርቻውን ብቻ ይያዙ" አላት። "ስጠኝ ልጄ፣ ልጓሙን ለኔ ስጠኝ" አለችው። ልጁ እኔን አየኝ፣ እኔ ምን ልበል፣ ሰጣት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ፈረሱን በእግሯ ነካ አደረገችው፣ ያን ቁልቁለት ወደ ኋላ ጋለል ብላ፣ እግሯን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ስትወርድ እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልኩ ነበር። እናቴን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ ስትወጣ ነው የማውቃት። እዛ ተራራ ላይ ያየኋት ሴት እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረችው ናት፣ ይሄን ያገኘሁት ወርደን ስለዋልን ነው፣ አፋፉ ላይ ቆመን ብንመለስ ኖሮ አንድ ፎቶ ነበር የሚኖረኝ።

መንገድ ላይ ስለ ዘንገና አወራችኝ። ዘንገና ከእንጅባራ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳር ማለት ይቻላል ያለ ክብ ሐይቅ ነው፣ እሱም እንደ ወንጪ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ፣ ዙሪያውን ጫካ የከበበው። የሚገባበት ወንዝ የለም የሚወጣበትም አይታይም። ወደ ባህር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ በአጠገቡ ነው የሚያልፈው፣ ተሳፋሪው ግን ጣናን እያሰበ ዘንገናን ሳያይ ያልፈዋል፣ እኔም ስንቴ በዛ መንገድ አልፌ አላየሁትም። እናቴ ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ ወደ ውሃው እንዳትጠጋ አያቴ አጥብቃ ትከለክላት ነበር፣ መጨረሻ የለውም ይባል ስለነበር። አያቴ ልክ ነበረች። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ እንደ ሌላው ሐይቅ ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ ዳሩ ራሱ ገደል ነው፣ ጥቂት እርምጃ ገብታችሁ እግራችሁ መሬት ያጣል። ስለዚ ወንጪም ሆነ ሌላ እንዲ አይነት ቦታ፣ ዋና እችላለሁ የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ዘላችሁ አትግቡ። የሆቴል ፑል ላይ መዋኘትና 2,900 ሜትር ላይ ያለ ውሃ ውስጥ መግባት አይገናኝም፣ ብርዱ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ከፍታው ላይ ደሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡም ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ቀዛፊው ይስጠኝ ብላችሁ አትጠብቁ።

ታች ስትደርሱ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ሰው መኖሩ ነው። ከላይ ስታዩት ጫካና ውሃ ብቻ ይመስላል፣ ታች ግን መንደር አለ፣ እንሰት በየቤቱ ጀርባ፣ ጭስ ከጎጆ አናት ላይ፣ ከብት ውሃ ሲጠጣ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት አቀበቱን እየወጡ ሲመለሱ። ቆጮ ከማር ጋር ያቀረቡልን ቤት ነበር፣ የወንጪ ማር ስሙ የታወቀ ነው፣ ቆጮውን ደሞ እናቴ እንደኛ ሀገር እንጀራ አይደለም ብላ ጀምራ ሁለተኛ ጠየቀች። የቤቱ እመቤት ብዙ አማርኛ አትችልም እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፣ ግን ሁለቱ ስለ ጉልበት ህመም በእጅ በእጅ ሲያወሩ ቆይተው የሆነ ቅጠል ሰጥታት ነበር።

ከዛ ጀልባ ነው፣ ወደ ደሴቱ። ወንጪ ቂርቆስ የሚባለው ገዳም እዛ ላይ ነው ያለው። እናቴ ደጁ ላይ ተሳልማ ቆየች፣ እኔ ዛፎቹን ሳይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ የድሮ ዛፍ አለ፣ ይሄን በጎጃምም በጎንደርም የምናውቀው ነው፣ በዙሪያው ያለው ተራራ ተመንጥሮ እንኳን የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጽዱንና ወይራውን እንደያዘ ይቀራል። ስለ ደን ጥበቃ ስናወራ ሁሌ ችግኝ ተከላ ነው የሚታየን። የቆመውን አለመቁረጥ የሚባለውን ነገር ካህናቱ ከኛ በፊት ያውቁታል።

ማዶ ሲሻገሩ ሸለቆው ይጀምራል። ፍል ውሃ አለ፣ ሰዎች ለህመም ይጠመቁበታል፣ የሚጠጣም የሚጎመዝዝ ውሃ አለ፣ የአምቦ ውሃን ጣእም የሚያስታውስ። ከሁሉም እኔን ያቆመኝ ግን የውሃ ወፍጮው ነው። ወንዙን በቦይ ጠልፈው ከፍ ካለ ቦታ ይለቁታል፣ ውሃው ወርዶ ከስር ያለውን መዘውር ይመታል፣ መዘውሩ ሲዞር ከላይ ያለው ድንጋይ ይዞራል፣ ገብሱ ይፈጫል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ናፍጣ የለ፣ ድምጹ እንኳን ከጄነሬተር ጋር አይወዳደርም። እህል ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አጠገባችን ተቀምጠው ነበር፣ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ እቃ አይደለም ማለቴ ነው፣ የዛን ቀን እራት ዱቄቱ እየተፈጨ ነው።

አሁን ስለ ሪዞርቱ። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ውስጥ ገባች፣ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር። በ2014 ደሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት። መንገድ ተሰራ፣ ሎጅ ተሰራ። ይሄን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ድሮ በክረምት ያ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው መንገድ አይጠላም፣ ምጥ የያዛት ሴት በወሳንሳ ዳገቱን የምትወጣበት ሀገር ነው፣ መኪና ቢደርስ ማን ይጠላል። የኔ ስጋት ሌላ ነው። መንገዱ እስከ ውሃው ከደረሰ ፈረሱ ምን ይሰራል? እንግዳው መኪናው ውስጥ ሆኖ ወርዶ፣ ሎጁ ውስጥ በልቶ፣ በሎጁ ጀልባ ዞሮ ከተመለሰ ማሳውን አቋርጦ የሚያልፍ ሰው አይኖርም፣ ቆጮ የምታቀርበው ሴትዮ ጋ የሚገባ አይኖርም፣ ተራው ይፈርሳል። ጫካውን ሃያ አመት የጠበቀው ሰው ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት ካጣ ዛፉ ምን ያህል ይቆማል? ወንጪ ተመርጣ የተሸለመችው እኮ በሎጅ አይደለም፣ ሽልማቱ የመንደር ነው፣ መንደሩ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው ያሸለሟት።

ይሄ በመንግስት ብቻ የሚፈታ ነገር አይመስለኝም፣ እኛ የምንሄደው ሰዎች እጅ ላይም አለ። ሎጅ ውስጥ ብታድሩም ፈረስ ተከራዩ። መሄድ የምትችሉ ደሞ በእግራችሁ ሄዳችሁ አስጎብኚ ያዙ፣ መንገዱን ብታውቁትም ያዙ። ምሳችሁን ሙሉ በሙሉ ከአዲስ አበባ ቋጥራችሁ አትምጡ፣ ማር ግዙ፣ ድንች ቀቅሉልን በሉ። የውሃ ፕላስቲካችሁንና የቺፕስ ላስቲካችሁን ደሞ ይዛችሁ ውጡ፣ የሚጠርገው ማዘጋጃ ቤት እዛ የለም፣ ነፋሱ ወስዶ ውሃው ውስጥ ነው የሚከተው፣ ያን ውሃ ደሞ ከብቶቹ ይጠጡታል። ስፒከሩን መኪና ውስጥ ተዉት። ሐይቁ ጎድጓዳ ስለሆነ ድምጽ ያስተጋባል፣ አንድ ቡድን ዘፈን ሲከፍት ማዶ ያለው ገዳም ድረስ ይሰማል፣ የሚጸልዩ ሰዎች አሉ።

ወንጪን ወርዳችሁ ከዋላችሁ በኋላ ደሞ ዴንዲ አለላችሁ። ጎረቤቱ ነው፣ እሱም የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ ሁለት ሐይቅ በቀጭን መተላለፊያ የተገናኙበት፣ ከላይ ሲታይ 8 ቁጥርን የሚመስል። ወንጪን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ዴንዲን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔን በጣም ያስገረመኝ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዴንዲ የሚወጣው ውሃ ሁሉቃ ወንዝ ሆኖ በአምቦ አልፎ ጉደር ጋ ገብቶ አባይን ይቀላቀላል፣ ከወንጪ የሚወጣው ደሞ በወልጋ አድርጎ ወደ ጊቤ፣ ከዛ ኦሞ፣ ቱርካና ድረስ። ሁለት ጎረቤት ተራሮች፣ አንዱ ላይ የዘነበው ዝናብ ሱዳንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል፣ ሌላው ላይ የዘነበው ደቡብ ወርዶ በረሃ ውስጥ ያለ ሐይቅ ይሞላል። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ይሄን ስታስቡ ደመናው ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ኖሮ ትላላችሁ። እዚ ያለው ጫካ ቢመነጠር የሚጎዳው አምቦና ወሊሶ ብቻ አለመሆኑም ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታያችሁ።

ደኑን ማየት ለሚፈልግ ሰው በአምቦ መንገድ ሲመለስ ጊንጪ አጠገብ ጭልሞ ደን አለ፣ ጽድና ዝግባ፣ ጉሬዛም ታያላችሁ። እዛም ነዋሪው ተደራጅቶ ደኑን የሚያስተዳድርበት አሰራር ሀገራችን ውስጥ ቀድመው ከተጀመሩት አንዱ ነው። በሰበታና በቱሉ ቦሎ በኩል ወሊሶ ገብታችሁ፣ ወንጪ አይታችሁ፣ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በአዲስ አለም፣ በሆለታ ከዞራችሁ ሁለቱንም መንገድ ታገኙታላችሁ። ግን በአንድ ቀን ሁሉንም ልድረስ ብትሉ መኪና ውስጥ ነው የምትውሉት፣ ወይ ወሊሶ ወይ አምቦ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ የመንገዱን ሰላም እዛው ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ያው የምናውቀው ነገር ነው፣ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ቢሆን እመርጣለሁ፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ነው፣ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት፣ ቁልቁለቱም ጭቃ። ድንኳን ይዛችሁ ዴንዲ ዳር ማደር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ጥቅምትና ህዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ከአንድ በላይ ብርድ ልብስ ያዙ፣ ማገዶ ከጫካው አትልቀሙ ከሰፈሩ ግዙ፣ ሌሊት የሚጠብቃችሁን ሰው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩና ክፍያውን ለራሱ በእጁ ስጡት።